አገልግሉ ከበር ሲመለስ

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለአዲስ ተማሪዎች የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር አንድ ነበር። «አንድ ጽሑፍ እጃችሁ ሲገባ፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ከማለታችሁ በፊት፣ ማን ነው የሚናገረው? ለማን ነው የሚናገረው? ምኑን ሳይናገር አለፈው? ብላችሁ ጠይቁ» እላቸው ነበር። ምክሩ ለግጥምና ለልብ ወለድ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ለማስታወቂያም ይሠራል። እንዲያውም ብዙ ሰው እያነበበው ሂስ የማይጻፍበት ድርሰት ቢኖር፣ በመዝናኛ ቦታዎች በር ላይ የሚለጠፈው ነው። ርዝመቱ አንድ መስመር ነው። «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ይላል። እስቲ ዛሬ ሂሱን እኛ እንሞክረው።

አንደኛ፣ ተናጋሪው የለም። «እኛ የዚህ ቤት ባለቤቶች ከልክለናል» አይልም። «ክልክል ነው» ብሎ ያቆማል፤ ልክ «ዝናብ ነው»፣ «ጨለማ ነው» እንደማለት። ዝናብን ማን ይከሰዋል? ሁለተኛ፣ ምክንያት የለውም። «ስለ ንጽሕና» ወይም «ገቢያችን ከወጥ ቤቱ ስለሆነ» ቢል ኖሮ ሰው ያምናል ወይም ይከራከራል። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፤ «ከውጭ» የምትለዋ ቃል። ውጭ የተባለው የት ነው? እናትየው ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ተነሥታ ሕምባሻ የጋገረችበት ማጀት ነው። በዚህ ድርሰት ውስጥ የሰው ቤት «ውጭ» ሆኗል፤ ሻጩ ደግሞ «ቤት»።

ከዚህ ጽሑፍ ፊት የሚቆመው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ እንይ። እዚህ መቐለ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ወላጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «ዘንድሮ የት ነው የምትወስዱን?» የቅርቡ መልስ ዥዋዥዌና ሸርተቴ፣ ከቻለም የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል ነው። ራቅ የሚለው መልስ አዲስ አበባ ነው። ልጆቹ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለተከፈተው አንድነት ፓርክና በዚያ ስላሉት አንበሶች፣ ቢሾፍቱ ስላለው የውኃ መጫወቻ በቴሌቪዥንና በስልክ ሲያዩ ከርመዋል። ጥያቄው ደግሞ የትናንት አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የአምስት ዓመት ሕፃን የነበረው ልጅ ዛሬ አሥር አልፎታል። መንገዱ ተዘግቶ፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ ደመወዝ ቆሞ፣ አንድ እንጀራ ለስንት እንደሚከፈል ያየ ልጅ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ፣ ታኅሣሥ 19 አውሮፕላን መቐለ ሲያርፍ፣ ብዙ ወላጅ በልቡ ስእለት ተስሏል፤ «እነዚህን ልጆች አንድ ቀን አስቃቸዋለሁ» ብሎ። የዚህ ጉዞ ብር የተቋጠረው እንዲህ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ይቺ እናት ከዘመድ ቤት ስንቋን ይዛ፣ ሦስት ልጆቿን አስከትላ፣ አማቷን በክንድ ደግፋ ከበሩ ስትደርስ የሚሆነውን ማንም ያውቀዋል።

«ማዘር፣ ይሄ አይገባም።»

«ምኑ ነው የማይገባው ልጄ?»

«ምግቡ።»

«የልጆቹ ምሳ እኮ ነው።»

«ልጆቹማ ይገባሉ። ምሳው ነው የማይገባው።»

«ታዲያ ምን ሊበሉ ነው?»

«ውስጥ ሁሉም ነገር አለ።»

በጥበቃው አልፈርድም። እሱም የራሱን ምሳ በፌስታል ቋጥሮ መጥቶ ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ የሚበላ ሰው ነው፤ ውስጥ «ሁሉም ነገር» ስንት ብር እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሒሳቡን እንሥራው። አባትና እናት፣ ሦስት ልጅ፣ አንድ አያት፤ ስድስት ሰው። ቀኑን ሙሉ ለመዋል ከገቡ ምሳና መክሰስ አለ፤ አሥራ ሁለት ሳህን ማለት ነው። ስድስት ውኃ ጠዋት፣ ስድስት ውኃ ከሰዓት። ጭማቂው፣ አይስክሬሙ፣ ለአያት ቡናው አልተቆጠረም። ከዚያ ደግሞ የምግብ ዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችው ዓረፍተ ነገር አለች። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ፣ 1,000 ብር ብላችሁ ያዘዛችሁት 1,265 ብር ሆኖ ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ወላጅ የዛሬ ሁለት ዓመት የሚያውቀውን ዋጋ ይዞ ከሄደ ሒሳቡ ያስደነግጠዋል። ለመግቢያ የከፈለው ለምሳ ከሚከፍለው ጋር ሲተያይ ኢምንት ይሆናል። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለዚህ ነው። ሳሩ መግቢያው ነው፤ ገደሉ ምሳው።

ባለቤቶቹ የሚሉት የላቸውም ማለቴ አይደለም። አላቸው። «ሰው ምግብ ይዞ ሲገባ ፌስታሉንና አጥንቱን በየሣሩ ጥሎ ይሄዳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ከእኛ መካከል እንዲህ የሚያደርግ አለ። «ከቤት የመጣ ወጥ ተበላሽቶ ልጅ ቢያስታምም በእኛ ይላከካል» ይላሉ። ይህም አያስቅም። «መጫወቻው ከውጭ የመጣ ነው፣ መለዋወጫው በዶላር ነው፣ በመግቢያ ብቻ አንኖርም» ይላሉ። ይገባኛል። ነጋዴ አትርፎ ካልኖረ ልጆቻችንም ሸርተቴ አያገኙም። የእኔ ክርክር ከትርፉ ጋር አይደለም፤ ከድብብቆሹ ጋር ነው። የመጫወቻው ወጪ ከመጫወቻው ይጠየቅ። መግቢያው መቶ ብር ይጨምርና በሩ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ወላጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ «ይቻለናል፣ አይቻለንም» ይበል። ልጆቹን አስገብቶ፣ ልብሳቸውን አስወልቆ፣ ውኃ ውስጥ ካስገባና ከራባቸው በኋላ ግን ምን ምርጫ አለው? የተራበ ልጅ ያለው ወላጅ አይከራከርም። በልጅ ረኃብ ላይ የቆመ ዋጋ የገበያ ዋጋ ነው ብሎ መሟገት ይከብዳል።

ደግሞም የምግብ ነገር የብር ነገር ብቻ አይደለም። ነሐሴ ከጠባ ፍልሰታ ነው፤ ከ1 እስከ 15፣ ሕፃን ሳይቀር የሚጾመው ጾም። የልጆች ዕረፍት ደግሞ በትክክል በዚያ ላይ ያርፋል። በብዙ መዝናኛ ቤት የጾም ምግብ ሲጠየቅ የሚመጣው ከበርገሩ ሥጋው የወጣለት ዳቦ ነው፤ ዋጋው ግን ከሥጋው ጋር አብሮ አልወጣም። ሙስሊሙ ቤተሰብ ሥጋው በማን እጅ እንደታረደ ማወቅ ይፈልጋል። አያት ስኳር አለባቸው፤ ሕፃኑ ገና አጥሚት ላይ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ከቤት የመጣ ምግብ ቁጠባ ሳይሆን ግዴታ ነው። ያ አንድ መስመር ማስታወቂያ ይህን ሁሉ አላሰበም።

ይህ ክርክር የእኛ ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ቻይና ልውሰደው። የሻንጋይ ዲዝኒላንድ በ2016 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከውጭ ምግብ ማስገባት ከለከለ። በ2019 እ.ኤ.አ. አንዲት የሕግ ተማሪ የያዘችው ቁርሳ ቁርስ ከበር ሲመለስባት ዝም አላለችም፤ ከሰሰች። የቁርሳ ቁርሷ ዋጋ 50 ዩዋን እንኳ አይሞላም ነበር። የአገሬው ሰው ግን ነገሩን ከአፍ አላወረደውም፤ የዚሁ ኩባንያ መዝናኛዎች አሜሪካ ውስጥ ምግብ ይዞ መግባትን እየፈቀዱ እኛን ለምን ይከለክሉናል ብሎ ጠየቀ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ መዝናኛውም ለራስ የሚበላ ምግብ ማስገባትን ፈቀደ። ማሞቂያ የሚፈልግና ሽታው ሌላውን የሚረብሽ ግን እንዳይገባ አለ። (የእኛ ዶሮ ወጥ በየትኛው አንቀጽ ይያዝ እንደነበር ለሕግ ሰዎች እተወዋለሁ።) የቶኪዮው ዲዝኒላንድ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። እናት ለልጇ ምሳ አሳምራ መቋጠርን እንደ ጥበብ በምትቆጥርበት አገር ምሳ አይገባም ብሏል፤ ግን ከበሩ ውጭ ሰው የቋጠረውን ቁጭ ብሎ የሚበላበት ስፍራ አዘጋጅቷል። የፍሎሪዳዎቹ ከመስታወት ዕቃ፣ ከአልኮልና ከመሳሰሉት በቀር ስንቅ አይመልሱም። እንግዲህ አስቡት፤ በነሐሴ ለአሸንዳ ከአሜሪካ የሚመጣው ዘመዳችን እዚያ ዲዝኒ በር ላይ በዳቦው የሚያልፈው፣ እዚህ በእናቱ ሕምባሻ ይያዛል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ በሩ ነው። ሂስ ከሆነ ግን አንባቢውም መነካት አለበት፤ ወደ ራሳችን እንምጣ። በሩ ሁሉ ባይከለክልስ ኖሮ ይዘን እንገባ ነበር ወይ? እጠራጠራለሁ። ብዙዎቻችንን የሚመልሰን ጥበቃው ሳይሆን ይሉኝታው ነው። «ሰው ምን ይለናል? ሊዝናኑ መጥተው ቋጠሮ ፈቱ ይበሉን?» እንላለን። አገልግል ድሮ የክብር ዕቃ ነበር። በስንደዶ ተሰፍቶ፣ ቆዳ ለብሶ፣ በጠፍር ተንጠልጥሎ፣ ሙሽራና መንገደኛ የሚሸኝበት ነበር። ዛሬ ቱሪስት የሚገዛው የግድግዳ ጌጥ ሆኗል። አስቂኙ ነገር አንዳንድ መዝናኛ ቤት አገልግሉን ከበር መልሶ፣ ሌላ አገልግል እንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ባዶውን። ባዶ ከሆነ ባህል ነው፤ ምግብ ካለበት «ከውጭ የመጣ» ነው።

ይሉኝታው ከገባንም በኋላ አይለቀንም። ቤታችን ስድስት ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ይቀመጣል፤ ትንሹ የተወውን ትልቁ ይጨርሰዋል፤ የሚተርፍ የለም። መዝናኛ ስንሄድ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱ ሳህን እናዛለን። የሰባት ዓመት ልጅ የአዋቂ ፒዛ ይቀርብለታል፤ ሁለት ጊዜ ነክሶ ወደ ሸርተቴው ይሮጣል። «ካልጠገቡ አይዘሉ» ይባል ነበር፤ የእኛዎቹ ሳይጠግቡም ይዘላሉ። የቀረውን «ጠቅልልልን» ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስንት የቸገረ ቀን ያየን ሰዎች ስለሆንን፣ የከፈልንበትን ምግብ ገበታ ላይ ጥለን ስንነሣ ልባችን ደንገጥ ይላል፤ አስተናጋጁ ያየናል ብለን ግን ዞረን አናይም። የአዲስ አበባው ዘመድ አብሮ ከመጣ ደግሞ ሌላ ጦርነት አለ፤ የሒሳብ ጦርነት። «እኔ ልክፈል!» «በእኔ ሞት!» «አንተ እንግዳ ነህ!» ሁለቱም የሚሟገቱት በሌላቸው ብር ነው። አንዱ ያሸንፋል፤ ወር እስኪደርስ የሚበደረውም እሱ ነው።

ያጣነው ነገር ግን ከብርም ይበልጣል። አገልግል ሲከፈት የምትነገር አንዲት ቃል አለች፤ «እንብላ!» ለማንም ትባላለች። ከጎናችሁ ለተቀመጠው ለማታውቁት ቤተሰብ፣ ለሚያልፈው፣ ለሚጠብቀው። መቐለ ላይ ቤተሰብ በእግሩ ሄዶ ሰማዕታት ሐውልት ግቢ ወይም እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ፣ ወይም ወጣ ብሎ ጨለቆት ሥላሴን ተሳልሞ ከዛፍ ሥር አረፍ ሲል፣ ይቺን ቃል የሰማ ልጅ የማያውቃቸው ሰዎች ዘንድ ቁጭ ብሎ ሕልበት በልቶ ይመለሳል። ያም መዝናናት ነው። በየጠረጴዛው ቁጥር ለብቻ ከታዘዘ ሳህን ላይ ግን ማንም «እንብላ» አይልም። ቢልም ሰው ይስቃል፤ በዚያ ዋጋ ማን ማንን ይጋብዛል?

ስንቅ ማፈሪያ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. የዘመተው ሠራዊት ስንቁን በአህያና በበቅሎ፣ በሚስቱና በእህቱ ጫንቃ ይዞ ነው ዓድዋ የደረሰው። እዚሁ እንዳ ኢየሱስ ላይ በዚያው ዓመት ጥር ወር የጣሊያንን ምሽግ ያስለቀቀው ከመድፍ ይልቅ ውኃ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስይዘውበት በጥም ተፈታ። የመቐለ ልጅ እንግዲህ ውኃ የያዘ ሰው ምን ያህል እንደሚያሸንፍ ከታሪኩ ያውቃል። ልዩነቱ ያኔ ውኃ የተያዘበት ጠላት ነበር። ዛሬ የፕላስቲክ ውኃውን ከበር የሚቀማው የስምንት ዓመት ልጅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ ለሚለኝ ወላጅ፣ ከሂሱ ባሻገር እናቶች የሚያውቁትን ልድገም። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ምግብ ይገባል ወይ? ከወጣን በኋላ በዚያው ቲኬት መመለስ እንችላለን ወይ? መመለስ ከተፈቀደ ነገሩ አለቀ፤ በምሳ ሰዓት ወጥታችሁ በአቅራቢያው ያለ ሽሮ ቤት በአንድ ትሪ ብሉ። ካልተፈቀደ ቁርሱን ምሳ አድርጉት፤ ገንፎ ወይም ፍርፍር የበላ ልጅ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አይጮህም። ወይም ምሳ አብልታችሁ ከሰዓት ግቡ፤ ልጅ ከአራት ሰዓት በላይ የሚጫወተው ለድካም ነው። ምግብ የሚገባ ከሆነ ፀሐይ የማይፈራ ስንቅ ያዙ፤ ሕምባሻ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ ወይም ጥሕኒ። ሥጋ ወጥና ወተት ያለ በረዶ ከሁለት ሰዓት በላይ አይታመኑም። ቆላ ወርዳችሁ ሙቀቱ ከበረታ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ውስጥ ካዘዛችሁም ለሁለት ልጅ አንድ፣ ለአዋቂዎቹ አንድ በያይነቱ እዘዙ፤ ያንሳል ካላችሁ ይጨመራል። የተረፈውን አስጠቅልሉ። የከፈላችሁበት ነው፤ ነውርነቱ ጥሎ መሄዱ ነው።

ዋጋ መጠየቅንም አትፈሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የሚሸጠውን ዋጋ በግልጽ ማሳየት እንዳለበት ደንግጓል። ሸማች አማራጭ ስላየ ወይም በዋጋ ስለተደራደረ ብቻ ለመግዛት እንደማይገደድም ደንግጓል። ስለዚህ የምግቡ ዝርዝር፣ ከነታክሱ፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት አጠገብ ቢሰቀል ማንም አይጎዳም። የወላጅ ውሳኔ መሆን ያለበት እዚያ ነው፤ ልጁ ገንዳ ውስጥ ሆኖ «ራበኝ» ሲል አይደለም።

ለባለ መዝናኛዎቹ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ምግብ አይግባ ካላችሁ፣ ከበሩ አጠገብ አንድ ጥላ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ ቧንቧና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አዘጋጁ፤ ለሚወጣው ሰው እጁ ላይ ማኅተም ምቱለትና ይመለስ። ወጪው አንድ ሸርተቴ አያህልም። ምሳውን በልቶ የተመለሰ ልጅ አይስክሬም ማለቱ አይቀርም፤ ዕድሜ ይስጠው፣ ያን ጊዜ ትሸጡለታላችሁ። የከርሞም ደንበኛችሁ እሱ ነው። ዘንድሮ ተበድሮ የመጣ ወላጅ ግን ከርሞ «መንገዱ ሩቅ ነው» ብሎ ልጁን ያታልላል፤ የቀረበትን ምክንያት ለእናንተም ለልጁም አይነግርም።

በመጨረሻ ወደ ድርሰቱ ልመለስ። መምህር ሁሉ ሂስ ሰጥቶ ዝም አይልም፤ «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ ያርማል። ያቺን አንድ መስመር እንዲህ ብዬ አርሜያታለሁ፤ ሰሌዳ ቀቢ በነፃ ሊወስዳት ይችላል።

«ምግባችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።»

ተናጋሪው ይታወቃል፤ ተደማጩም ይታወቃል። የሁለቱም ግዴታ አለበት። እናትየዋም አገልግሏን ከፍታ «እንብላ» ስትል፣ ጥበቃው መጀመሪያ እጁን ይታጠብ።